የዳማ ጆሮ ሲድን

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። የገዛ እህቴ ቤት የሆነ ነው። ቤቱ አሁንም አለ፣ ውሻውም አለ፣ እህቴም እንደምጽፈው ታውቃለች። "ጻፈው፣ ማን ሊያምንህ!" ብላኛለች።

እናንተ ደግሞ አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሁሌ እኩለ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በር ሲጥ ሲጥ ሲል ነው የምትጠብቁት።

ይሄኛው በቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ...

ቦታው ሰርቦ ነው፣ ከጅማ ወጣ ብሎ።

እህቴ ጽዮናዊት ትባላለች። ያደግነው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። ባሏ ዳግማዊ ቡና ነጋዴ ነው። ባለፈው ዓመት "እናቴ ብቻቸውን ናቸው፣ ሰርቦ እንግባ" አላት። ትንሿን ልጃቸውን ትንቢትን ይዛ አማቷ ቤት ገባች።

ግቢው ሰፊ ነው። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ከሊል የሚባል ልብስ ሰፊ ተከራይቷታል። መሃል ላይ ዋናው ቤት አለ። ከቤቱ ጀርባ ቡና ነው፤ ከቡናው ጫፍ ደግሞ አንድ ትልቅ የቡና ገለባ ክምር። የዳግማዊ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ አብሳሎም፣ የቡና መፈልፈያ ነበራቸው። መፈልፈያው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ገለባው ግን ጠቁሮ እዚያው ቀርቷል። በክረምት ከውስጡ እንፋሎት ይወጣዋል። የበሰበሰ ገለባ ይሞቃል፣ ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም።

የሚገርመው ሌላ ነው።

ጽዮናዊት ገና እንደገባች ያስተዋለችው የውሻውን ሽታ ነበር።

ውሻው ዳማ ይባላል። መልኩም ዳማ ነው፣ ጆሮዎቹ ትላልቅና የተንጠለጠሉ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ይመግላሉ። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ግድግዳ ላይ ይታከካል፣ ስትጠራው አይሰማም። ትንቢት ደግሞ አንገቱን አቅፋ ነው የምትውለው።

"እማማ፣ ይሄ ውሻ አልታከመም እንዴ?" አለች።

አማቷ እማማ ሸዋረገጥ ቀና ሳይሉ መለሱ። "ከድሮ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ተዪው ልጄ።"

እህቴን ተዪው ማለት ደግሞ አድርጊው ማለት ነው። እኔ ወንድሟ ነኝ፣ አውቃታለሁ።

በዳግማዊ ፒክአፕ ጭና ጅማ ወሰደችው። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሙኒር ከጆሮው ኩክ በጥጥ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ።

"ፈንገስ ነው" አላት። "ጆሮው ስለተንጠለጠለ አየር አያገኝም፣ የኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቂዋለሽ። በዚህ ማጽጃ ታጥቢዋለሽ፣ በደንብ ታደርቂዋለሽ፣ ከዚያ ጠብታውን። ጠዋትና ማታ። የዳነ ሲመስልሽ እንዳታቋርጪ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።"

አላቋረጠችም። ጆሮውን ገልብጣ ማጽጃውን ትሞላለች፣ ከሥሩ ታሸዋለች፣ እሱም ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ልብሷን ያረጥብባታል። ትንቢት በሳቅ ትሞታለች።

ዳነ። ሽታው ጠፋ። ስትጠራው ጭራውን እየቆላ ይመጣ ጀመር፣ እሷም ደስታዋን አትችለውም ነበር።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ።

ዳማ ከተኛበት ተነሳ። ጆሮዎቹን ከሥራቸው አነሳ። ወደ ገለባው ክምር ፊቱን አዞረ...

አንዴ ጮኸ።

አንዴ ብቻ። ሌባ ያየ ውሻ አጯጯህ አልነበረም። አጭር ነው፣ መልስ የሚሰጥ ዓይነት።

ወዲያው ከቤት ውስጥ የእማማ ሬዲዮ ድምፁ ከፍ አለ። በጣም ከፍ አለ።

ወዲያው ደግሞ የከሊል የስፌት መኪና መንደቅደቅ ጀመረ።

ጽዮናዊት ያን ጊዜ ነገሩን ነገሬ አላለችውም። በሳምንቱ ግን ያ ሽታ ተመለሰ።

ዶክተር ሙኒር "አቋርጠሻል" አላት። "ኧረ በማርያም አላቋረጥኩም!" አለች። እንደገና ማጽጃ፣ እንደገና ጠብታ። ዳነ። ስድስት ሰዓት ላይ ቆሞ ወደ ገለባው ጮኸ። ከዚያ እንደገና መገለ።

አሁን ዶክተሩ ራሱ ግራ ገባው። ምግቡን ጠየቃት፣ ወንዝ ይገባ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ በመብራት አጎንብሶ አየ። በጥጥ ቢጫ ነገር አወጣ። አሸተተው።

"ጽዮናዊት... እቤትሽ ማን ማን አለ?"

"ምነው?"

"ይሄ ቅቤ ነው። ጤና አዳም ያለበት ቅቤ። ውሻ ጆሮ ውስጥ ደግሞ ቅቤ አይበቅልም። ሰው ነው የጨመረበት።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ እህቴ በዚያ ቤት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ውሻ የሚያሳምም ሰው ከልጇ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ አለ። ለምን? ውሻውን የሚያደነቁር ሰው ውሻው እንዳይሰማው የሚፈልገው ነገር አለው ማለት ነው። ሌባ ነው? የቡናው ወቅት ደርሷል፣ መጋዘን ሊሞላ ነው።

የሁሉንም እጅ ታይ ጀመር።

ባሏንም ጭምር። ዳግማዊ ምሳውን አንድ ቀን እቤቱ በልቶ አያውቅም። ቤቱ ደጃፍ ላይ ሥራ ቢኖረው እንኳ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። "ሥራ ነው" ይላታል።

እማማ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ጽዮናዊት ልጇን አስተምራታለች፤ "ትንቢት!" ስትላት "አቤት!" ብላ እየሮጠች ነው የምትመጣው። ጎረቤት ሁሉ "እንዴት ያለች የታረመች ልጅ!" ይላል። እማማ ግን አንድ ቀን ልጅቷን ክንዷን ይዘው "በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አትበይ" ሲሏት ሰማች። "ሲደግሙልሽ ነው። ማን እንደጠራሽ አይተሽ ነው።" እህቴ በስልክ "ልጄን ባለጌ ሊያደርጉብኝ ነው" ብላ አልቅሳብኛለች። እኔም ሳቅሁባት።

ከሁሉ በላይ የጠረጠረችው ግን ከሊልን ነው። ከሊል ውሻው ሲያልፍ ልብሱን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል። ይጠላዋል ብላ አሰበች። አንድ ቀን ልታፋጥጠው ሄደች።

በመስኮቱ ስታየው ቆመች።

መኪናው ይሠራል። እግሩ ይረግጣል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል... ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም። ክርም የለም። ከሊል ዓይኖቹን ጨፍኖ ነው የሚረግጠው።

እስኪጨርስ ጠብቃ ገባች።

"ከሊል፣ ዳማ ጆሮ ውስጥ ቅቤ የሚጨምር ማነው?"

"አኒ? እኔን ነው?" አለ ደንግጦ። "ጽዮን፣ የውሻ ምራቅ ልብሴን ከነካኝ አጥቤ ነው የምሰግደው። ጭንቅላቱን ታቅፌ ቅቤ ላንጠባጥብለት? አላህን ፍሪ እንጂ!"

አፈረች። የጠረጠረችበት ነገር ራሱ ነጻ አወጣው።

"ታዲያ ማነው?"

ከሊል ወደ ዋናው ቤት አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተዪው እህቴ። ውሻው ቢሸት ይሻላል።"

"ከምን ይሻላል?"

ክሩን አንስቶ መርፌው ውስጥ ማስገባት ጀመረ።

በማግስቱ ዘምቢል አንጠልጥላ "እማማ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ወጣች። በጎረቤት ቡና ውስጥ ዞራ ከጓሮ ገባች። ከግንድ ኋላ ቆመች።

እማማ ሸዋረገጥ የጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ሲኒ አለ።

"ኮቱ፣ ዳማ... ኮቱ የኔ ልጅ።"

ዳማ መጣ። ሳይጎተት፣ ሳይታሰር፣ ጭንቅላቱን ራሱ ጉልበታቸው ላይ አኖረ። የለመደ ነው። እማማ ጆሮውን ገልብጠው ከሲኒው የቀለጠ ቅቤ አንጠባጠቡበት። እንባቸው ይወርዳል።

"ይቅር በለኝ" ይሉታል። "ይቅር በለኝ የኔ አንበሳ..."

ጽዮናዊት ዘላ ወጣች። "እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዝም በይ!" አሉ በሹክሹክታ። "ሰዓቱ ደርሷል።"

"የምን ሰዓት? ምን በደለዎት ይሄ እንስሳ?"

"ሲሰማ ይመልሳል። ሲመለስለት ይቀርባል።"

"ማነው የሚቀርበው?"

"ማን እንደሆነ ባውቅ ስሙን እነግርሽ ነበር። እኔ የማውቀው የሚጠራ መሆኑን ነው።" ሲኒውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አብሳሎም ደህና ምሳውን እየበላ ነበር። 'አቤት!' አለ። የጠራው ሰው አልነበረም። እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወደ ገለባው ሄደ። ስንደርስ ጆሮውን ገለባው ላይ ለጥፎ ተኝቷል። ልቡ ነው አሉን። ይሁን፣ ልቡ ነው።"

"እማማ..."

"እናትሽ አላስተማረችሽም? ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይልም። እኛ ይሄን እናውቃለን፣ እንጠነቀቃለን። ውሻን ግን ማን ያስተምረዋል?"

ጽዮናዊት ባሏ ትዝ አላት። "ዳግማዊ ያውቃል?"

"ምሳውን የት እንደሚበላ አላየሽም?"

እናታችን አስተምራናለች። ሁላችሁንም እናቶቻችሁ አስተምረዋችኋል። ግን ማን ከልቡ ይሰማል? እህቴም ተናደደች። ሲኒውን ከእጃቸው ነጥቃ ደረጃው ላይ ከሰከሰችው። ዳማን መኝታ ቤቷ አስገብታ ቆለፈችበት። ለኔ ደውላ "ሴትየዋ ጃጅተዋል፣ ወይ እኔን ለማስወጣት ነው" አለችኝ። "አማትሽ የጆሮ ስፔሻሊስት ናቸዋ!" ብዬ ቀለድሁ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ውሻውን ከእሷ በቀር ማንም አልነካውም። ማጽጃ፣ ማድረቅ፣ ጠብታ። ዶክተር ሙኒር በመጨረሻ አይቶት "አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ጆሮ አይቼ አላውቅም" አላት።

ጥቅምት ላይ ነው። ቡናው ቀልቷል። ዝናብ ሲጥል አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች።

መብራት የለም። የእማማ ሬዲዮ ዝም ብሏል። የከሊል መኪና ተሰብሮ፣ እሱ ዕቃ ፍለጋ ጅማ ሄዷል።

እማማ በጠዋት መጥተው ለመኗት። "ዛሬ ብቻ ልጄ። ውሻውን ከዳግማዊ ጋር ላኪው። ዛሬ ግቢው ጭር ብሏል።"

"አልልከውም" አለች።

"እንግዲያውስ ልጅቷን ውሰጃት። ጎረቤት ውሰጃት።"

"እማማ፣ እባክዎ ይተዉኝ።"

እማማ አልተከራከሩም። ወደ ማድ ቤት ገቡ። ከሰል ሲያራግቡ ሰማቻቸው።

ትንቢት ክፍሏ ውስጥ በአሻንጉሊት እየተጫወተች ነው። ጽዮናዊት በረንዳ ላይ ናት። ዳማ እግሯ ሥር ተኝቷል።

ስድስት ሰዓት ሆነ...

ዳማ ተነሳ።

ጆሮዎቹን አነሳ። ደረቅ፣ ንጹህ፣ ምንም የማይሸት ጆሮ። እሷ በገዛ እጇ ያዳነችው ጆሮ።

አንዴ ጮኸ።

ወፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ።

ወደ ገለባው አየች። እንፋሎቱ ይወጣል። ነፋስ አለ፣ የቡናው ቅጠል ይወዛወዛል... እንፋሎቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ዳማ... ዝም በል" አለች።

ዳማ ሁለተኛ ጮኸ። ጭራውን እየቆላ ነው። የሚያውቀውን ሰው እንዳየ።

እንፋሎቱ አሁን ከክምሩ ላይ አይደለም። ከቡናው ወዲህ ነው።

እህቴ ምንም ድምፅ አልሰማችም። ይሄን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ነፋሱን እንኳ አልሰማሁም ነው የምትለው። ከዚያ ግን ከኋላዋ፣ ከቤት ውስጥ፣ ጥርት ባለች፣ በታረመች ድምፅ...

"አቤት!"

ትንቢት በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች።

"ማን ጠራሽ?"

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ አልጠራሁሽም ልጄ።"

"ጠራሽኝ እኮ!" አለች። በጣቷ አሳየቻት። "ከዚያ ሆነሽ።"

እናቷን አልፋ ደረጃውን ወረደች። ጽዮናዊት ዘላ ወገቧን ያዘቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተንፈራገጠችም። እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ወደ ቡናው እየሳቀች እጇን ዘረጋች። "አቤት እማዬ! መጣሁ!" ትላለች። እናቷ ይዛታለች፣ እሷ ግን ሌላ እማዬ ነው የምትጠራው።

እማማ ሸዋረገጥ ከማድ ቤት ደረሱ። እጃቸው ላይ ሌላ ሲኒ አለ፣ ይተናል።

"ጭንቅላቷን ወዲህ አዘንብዪልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ቶሎ።"

ያቺ ሲኒ የሰበረች እህቴ... ያቺ በማይክሮስኮፕ ካላሳያችሁኝ አላምንም የምትል እህቴ... የልጇን ጭንቅላት በገዛ እጇ አዘንብላ ያዘችላቸው።

ለእናንተ ከመጻፌ በፊት ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ባለፈው ሳምንት ሰርቦ ሄድሁ።

ጽዮናዊት ከስታለች። ትንቢት ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ላይ ጥጥ አለ። ሲጠጓት ቅቤና ጤና አዳም ትሸታለች፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሽታ አለ። ጅማ የሕፃናት ሐኪም ያዘዘላት የጆሮ ጠብታ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ አልተከፈተም።

"ለምን ይዛችኋት ከዚህ አትወጡም?" አልኋት።

"ጅማ፣ በቾ ቦሬ ዘመድ ቤት ወሰድናት" አለችኝ። "በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ 'አቤት' አለች።"

እዚያ ቁጭ ብለን ስልኳ ጠራ። ዶክተር ሙኒር ነው፣ ስለ ዳማ ሊጠይቃት። "እንደገና መግሏል" አለችው። ስትናገር ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ አስፈራኝ።

ትንቢትን ከኋላዋ ሆኜ ጠራኋት። አልሰማችኝም። ጮክ ብዬ ጠራኋት። አልሰማችኝም። ትከሻዋን ስነካት ነው ዞራ የሳቀችልኝ።

ከዚያ እማማ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉ። ከሊል መኪናውን ማንደቅደቅ ጀመረ። ሰዓቴን አየሁ።

ዳማ በረንዳው ላይ ተጋድሟል፣ ትንቢት ጎኑ ተቀምጣ ወረቀት ላይ ትሞነጫጭራለች። ሁለቱም አይሰሙም። ሁለቱም ጆሯቸው በቅቤ ተደፍኗል።

ሁለቱም እኩል ቀና አሉ።

እኩል ወደ ገለባው ዞሩ። ትንሽ አዳመጡ።

ከዚያ ሁለቱም፣ ውሻውም ልጅቷም፣ ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱና እኔን አዩኝ። ዝም ብለው ያዩኛል። የተጠራ ሰው "አቤት" እስኪል እንደሚጠብቁ ሁሉ...

እኔ ምንም አልሰማሁም።